ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የማይተኩሱት ሃምሳ አለቃ

ሸዋንግዛው መኪናውን አቁሞ እጁን እንኳ ሳይታጠብ መጥቶ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ደግ ወሬ እንዳልያዘ ገባኝ። ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ የመጣ ሾፌር መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ነው።

«እትዬ አልማዝ፣ ሃምሳ አለቃ ደምሴ አረፉ» አለኝ። «በሰፈራቸው ሳልፍ ነው የነገሩኝ። ከተቀበሩ ሳምንት ሆኗቸዋል።»

ነፍስ ይማር አልኩ። ከዚያ በኋላ ከአፌ የወጣው ነገር ለራሴም ገረመኝ።

«ዓይናቸውስ?»

«ምን ዓይናቸው?»

«ተሠራላቸው ወይ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው ሞቱ እያልኩሽ ስለ ዓይናቸው ትጠይቂኛለሽ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። የዓይናቸው ነገር የታወቀ ቀን እሱም እዚያው ስለነበረ ለምን እንደጠየቅሁ ያውቃል። «አልተሠራላቸውም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል። ለእሳቸው እዚህ ጅቡቲ ድንኳን የሚጥል ዘመድ የለም። እኔም አምስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ሰው ጽፌ አላውቅም። ቢሆንም የማውቀውን ያህል ላስቀምጥ።

አሰብ ተዘግቶ የኢትዮጵያ መኪና ሁሉ ወደ ጅቡቲ በዞረ ጊዜ ነው እኔ ልጄን ማህሌትን አዝዬ ፔካ 12 የገባሁት። ባለቤቴ በዚያው መንገድ ይነዳ ነበር፤ በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላ ለጓደኞቹ ምሳ መሥራት ጀመርኩ። ፔካ 12 ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ አገር ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መኪኖች የወደብ ወረፋ የሚጠብቁበት ሜዳ ነው። ዛፍ የለውም። ጥላ ከተባለ የተሳቢ ጥላ ነው። እኔ ከወደብ በሚወጣ ሳንቃ ዳስ አቁሜ፣ ላዩን በመኪና ሸራ ሸፍኜ፣ ስብርባሪውን ሳንቃ እያነደድኩ አበስል ነበር።

ብዙ ነገር እፈራለሁ። ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና፣ ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል፣ ያደረ ሥጋ፣ ሐምሌ ላይ አሸዋ እያነሳ የሚነፍሰው ካምሲን፣ ሁሉንም እፈራለሁ። ማህሌት ትንሽ ሳለች መኪኖች ሲንቀሳቀሱ ወገቧን በነጠላዬ ጫፍ ከራሴ ጋር አስሬ ነበር የማበስለው። ሾፌሮቹ «እትዬ አልማዝ ፍየል ማርባት ጀመረች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። የእነሱ ልጅ አይደለችም።

ሃምሳ አለቃን ያወቅኋቸው በድስት ነው። አንድ ጠዋት ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ ካኪ ሱሪ የለበሱ ሰውዬ ከዳሱ በር ቆሙና፣

«እንደምን አደርሽ ልጄ። የድስትሽን ቂጥ ብነካው ቅር ይልሻል?» አሉኝ።

እሺም ሳልል ጎንበስ ብለው የወጥ ድስቱን ሥር በትንሿ ጣታቸው ጠረጉ፤ ጥላሸቱን እያዩ አመስግነውኝ ሄዱ። በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን መተት ይሆን እንዴ ብዬ ልቤ ስላልቻለ ጠየቅኋቸው።

«ለመድኃኒት ነው ወይ ሃምሳ አለቃ?»

«ለጠመንጃ ነው።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ጠመንጃው የአየር ጠመንጃ ነበር። ወረፋ የሚጠብቅ ሾፌር ከጫት በቀር ጊዜ ማሳለፊያ የለውም፤ እሳቸው ደግሞ ሰፊ ሳንቃ ላይ ፊኛ ደርድረው ያስተኩሱ ነበር። ፊኛ ያፈነዳ ሰው ለስላሳ ይጠጣል። ሃምሳ አለቃን ራሳቸውን ያሸነፈ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በነፃ ይተኩሳል። በነፃ የተኮሰ ሰው ግን አላየሁም። ፊኛው ላይ አይደለም የሚያነጣጥሩት፤ ፊኛው የታሰረበት ክር ላይ ነው። ክሩ ሲበጠስ ፊኛው ሳይፈነዳ በነፋስ ይሄዳል። ሾፌሮቹ «ንስሩ» ይሏቸው ነበር። ከድንበሩ ከጋላፊ እስከ ወደቡ ድረስ የታወቁት በዚህ ስም ነው፤ ገበያቸውም ይኸው ስም ነበር። ሰው የሚመጣው ፊኛ ለማፈንዳት ሳይሆን ንስሩን ለማሸነፍ ነው።

የጠመንጃው ነገር እንዲህ ነው። ሌላ ጠመንጃ ከኋላው ሹካ የመሰለ ስንጥቅ አለው፤ ከፊት ደግሞ አንድ ቀጭን ዘንግ። ተኳሹ ስንጥቁን፣ ዘንጉንና ኢላማውን ሦስቱን አንድ ላይ ሊያይ ይታገላል። የሃምሳ አለቃ ጠመንጃ ግን ሹካው ተሰብሮ ነበርና በቦታው ሮንዴላ አሰሩበት። ብሎን ሥር የሚገባው ክብ ብረት ነው። ሰፊውን ቀዳዳ በብየዳ አስደፍነው፣ መርፌ በሚያህል መብሻ መሃሉን እንደገና በሱት። በዚያ ቀዳዳ ነው የሚያዩት። በጃንሆይ ጊዜ ለጋ ወታደር ሆነው ያሠለጠኗቸው ኤም ዋን በሚባል ጠመንጃ ነበር አሉ፤ እሱም የኋላው ቀዳዳ ነው። በኋላ ክላሽ መጣ፤ ክላሽ ባለስንጥቅ ነው። አልወደዱትም። ጦሩ ተበትኖ ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ ክላሹን ለድንበር ጠባቂዎች አስረክበው ገቡ። «ስሰጣቸው አንዲት ፀጉሬ አልቆመችም» ይሉ ነበር።

ለሚተኩስ ሰው ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። «ቀዳዳውን አትመልከት፤ በቀዳዳው ተመልከት። መሃሉን ዓይንህ ራሱ ያገኘዋል፤ ያ ያንተ ሥራ አይደለም። ያንተ ሥራ ዘንጉ ነው። ዘንጉ ቁርጥ ብሎ ይታይህ፤ ፊኛው ቢደበዝዝ ይደብዝዝ።» ጥላሸቱም ለዚያ ነው፤ ዘንጉ በጅቡቲ ፀሐይ ሲያብለጨልጭ ዓይን ስለሚሰርቅ በየጠዋቱ በድስቴ ጥላሸት ያጠቁሩታል። «በቀዳዳ የሚያስቸግረው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው» ይሉም ነበር። «ዝም ብሎ የቆመልህን ግን ሰማይ ጥግ ቢሆን ታገኘዋለህ።»

እኔ በፊታቸው አላልፍም ነበር። ጠመንጃው መሬት ላይ ተጋድሞም ቢሆን ዞሬ በጀርባቸው ነው የምሄደው። መጀመሪያ የፊኛ ሰሌዳቸው የቆመው ሰው የሚተላለፍበት በኩል ስለነበር አንድ ቀን ሄጄ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ እዚህ ልጆች ያልፋሉ» አልኳቸው። ሾፌሮቹ ተንጫጩ። «እትዬ አልማዝ፣ በፊኛ ጥይት የሞተ ሰው አለ?» አለ ሸዋንግዛው። ሃምሳ አለቃ ግን «እናት ከፈራች ምክንያት አላት» ብለው በዚያኑ ቀን ሰሌዳውን አንስተው ማንም ከማያልፍበት፣ ከአሮጌ ኮንቴይነር ሥር አቆሙት። ከዚያ በኋላ ምሳቸውን አብዝቼ ነበር የምሰጣቸው።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ጠመንጃውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ። የፈለገ ሰው ቢለምናቸው ከዚያ በኋላ አይተኩሱም። ሾፌሮቹ ምክንያት አበጁለት። አንዱ «በጦር ሜዳ በዚያ ሰዓት ጓደኛቸውን በስህተት መትተዋል» ይላል። ሌላው «ስእለት ነው» ይላል። እሳቸው አዎም አይሉም፣ አይደለምም አይሉም።

ሁለተኛው ልማዳቸው የልጅ ነገር ይመስል ነበር። ቁጭ ብለው ሳሉ ቀኝ እጃቸውን ይጨብጡና፣ ጡጫቸው መሃል ትንሽ ሽንቁር ትተው፣ ዓይናቸው ላይ አድርገው ሜዳውን ያያሉ።

«ጄኔራል፣ ጠላት የት ደረሰ?» ይላቸዋል ሸዋንግዛው።

«ጠላት ምሳውን እየበላ ነው። አንተም ብላ።»

ሰው ቀድመው ሰላም አይሉም ነበር፤ ቀድመው ካልተናገሯቸው ዝም ነው። ኩሩ ናቸው ይባል ነበር። እኔን ግን ገና ስመጣ ያውቁኝ ነበር። «ይህ የአልማዝ ጫማ ነው» ይላሉ። «መሬቱ ይናድብኛል ብላ የምትረግጥ ከአንቺ ሌላ የለችም።»

አሁን ወደ ማህሌት ልምጣ።

ከተማ ውስጥ በሚኒባስ እየተመላለሰች የሐበሻ ልጆች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት አስገብቻት ነበር። ሕፃን ሳለች ደህና ነበረች። ክፍል እየጨመረች ስትሄድ ግን አልሆነላትም። አስተማሪው አስጠርቶኝ «ልጅሽ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አትገለብጥም፤ ስትጠየቅ ከጎኗ ያለችውን ልጅ ትመለከታለች። አእምሮዋ አልተከፈተም» አለኝ። ቁመቷ ስለሚረዝም የምትቀመጠው መጨረሻ ወንበር ላይ ነው። ቤትም ስትመጣ ከበርሜል ጋር ትጋጫለች፤ የላክኋትን ዕቃ ፊቷ ተቀምጦ አጣሁት ትላለች። አንድ ቀን ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና ሊገጫት ለጥቂት ነው ያመለጠችው። ረዳቱ ባይጮህ ኖሮ አልቆላት ነበር። ዓይኗን ማጥበብ ታበዛ ነበር፤ እሱን የፀሐዩ ነው ብዬ ተውኩት።

የማትማር ከሆነ ከዚህ መኪና መሃል ላውጣት ብዬ ወሰንኩ። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ባለሱቆች ቤት ሕፃን እንድትጠብቅ ቦታ አገኘችላት። ሸዋንግዛው ቅዳሜ ጭኖ ሲወጣ ጋቢና ውስጥ ይዟት ሊሄድ ተስማማን። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ልብሷን አጥቤ አጣጥፌ ጨርሼ ነበር። እሷም አላለቀሰችም፤ ደብተሮቿን ለጎረቤት ልጅ ሰጠች።

ሐሙስ ቀን የሃምሳ አለቃን የምሳ ሳህን እንድታመጣ ላክኋት። ሳህን ላመጣ የሄደች ልጅ ቆየች። ስወጣ፣ እሳቸው እጇን ይዘው ወደ ዳሱ ሲመጡ አየሁ። ሌላ እጃቸው ውስጥ ያቺ ሮንዴላ ነበረች። ከጠመንጃው ተፈትታ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳሱ ውስጥ ሸዋንግዛውና ሌሎች ሾፌሮች ምሳ ላይ ነበሩ።

«አልማዝ፣ ይህች ልጅ አታይም» አሉኝ፤ ሰላምታም የለ።

«ምን አሉኝ?»

«ሩቅ አታይም። ጠመንጃውን ላሳያት ብዬ ባስይዛት፣ በባዶ ዓይኗ ፊኛው ቀለም ብቻ ነው የሚታያት። በቀዳዳው ስታይ ክሩን አየችው። ከዚያ ቀዳዳዋን ፈትቼ በእሷ መኪኖቹን አሳየኋት። ቁጥራቸውን አነበበችልኝ።»

እኔ የሰማሁት «ጠመንጃውን ባስይዛት» የሚለውን ብቻ ነው። «ልጄን ጠመንጃ አስያዙብኝ?» ብዬ ጮህኩ። «የልጄ ዓይን ደህና ነው! ይኸው፣ ይዩት፣ ምን የመሰለ ዓይን ነው ያላት!»

«ቆንጆ ነው። አያይም።»

«እማዬ፣ እውነታቸውን ነው» አለች ማህሌት። ዝም በይ አልኳት።

ሃምሳ አለቃ ሮንዴላዋን ሰጧት። በሜዳው ማዶ የቆመ ተሳቢ ነበር። «ቁጥሩን አንብቢ» አሏት። አነበበች። ሮንዴላዋን ከዓይኗ ላይ ወሰዱ። «አሁንስ?» ዓይኗን አጥብባ አጥብባ «ነጭ ነገር አለ» አለች።

ተቀበልኳቸውና እኔም አየሁበት። ምንም የለም። ዓለም ጠበበች፣ ትንሽም ጨለመች፤ ቁጥሩ ግን በባዶ ዓይኔ እንደማየው ነው። ለሸዋንግዛው ሰጠሁት። እሱም አየ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይቺ ምንም አትጨምርም እኮ!» አለ። አንዱ ሾፌር ተቀበለ፤ እሱም ምንም። ሳቁ ተነሳ። «ፀሐይ መታቸው!» አለ አንዱ። «ልጅቷ ድሬ መሄድ ስላልፈለገች ነው፤ ሃምሳ አለቃን ሸወደቻቸው» አለ ሸዋንግዛው። እኔም የመሰለኝ እሱ ነው። እኛ ሁላችን በቀዳዳዋ አይተን አንድም ለውጥ ካጣን ልጅቷ እንዴት ታገኛለች?

«በሉ ሃምሳ አለቃ፣ ይብቃን» አልኳቸው። «ቅዳሜ መንገደኛ ናት።»

አልሄዱም። ቆሙ። ሮንዴላዋን በጣቶቻቸው መሃል ያዟሯት ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሰው ገበያውን በሙሉ እጁ ላይ ይዞ ልስጥ አልስጥ ሲል እንዲያ ነው የሚመስለው።

«ደህና ዓይን ላለው ሰው ቀዳዳዋ ምንም አትጨምርም» አሉ። «የምትጨምረው ለሌለው ነው።»

«ታዲያ እርስዎ በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«እኔ የለኝማ።»

ሾፌሮቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሃምሳ አለቃ አልሳቁም።

«ሸዋንግዛው፣ ተነስና ወደዚያ ሂድ። አንድ ነገር ያዝ።»

ሸዋንግዛው እየሳቀ ከማእድ ቤቴ አንድ ነገር አንስቶ ወደ ሜዳው ወጣ፤ ሄዶ ሄዶ ቆመና እጁን አነሳ። «ምን ይዣለሁ?» ብሎ ጮኸ።

«እጅህንም አላየሁት» አሉ ሃምሳ አለቃ። «መቆምህንም ያወቅሁት በድምፅህ ነው።» ከዚያ ሮንዴላዋን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «ሽንኩርት ነው» አሉ። «ግማሹ ተልጧል።»

ሽንኩርቱን ግማሽ ልጬ የተውኩት እኔ ነበርኩ።

ሸዋንግዛው ሽንኩርቱን ይዞ ተመለሰ፤ ፊቱ ተለዋውጧል። ዓይናቸው ፊት እጁን አወዛወዘ። «እኔን አሁን አያዩኝም?»

«ቅርብ ስለሆንክ ጥላህን አያለሁ። ፊትህን አይቼው አላውቅም፤ አስቀያሚ ነው ይላሉ።»

«እና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማይተኩሱት...»

«ቀዳዳ ብርሃን ይፈልጋል። ሲመሽ ምንም አይታየኝም።»

«በመድኃኔ ዓለም!» አለ ሸዋንግዛው። ሽንኩርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «እኔ እስከዛሬ በዕውር ነው ስሸነፍ የኖርኩት?»

ያን ጊዜ ሳቁ ዳሱን ሞላው። ሃምሳ አለቃም አብረው ሳቁ። እኔ ልጄን እያየሁ ነበር። ዓይኗን አጥብባ ወደ ሳቁት ሰዎች ትመለከት ነበር፤ እንደ እሳቸው፣ ማን እንደሳቀ በድምፁ ለመለየት።

ቅዳሜ ሸዋንግዛው ብቻውን ሄደ። እኔና ማህሌት በሚኒባስ ከተማ ቡላኦስ ሰፈር ወርደን መነጽር የሚሠራ አንድ የመናዊ ጋ ገባን። ፊደል እያሳየ፣ መስተዋት እየቀያየረ ብዙ አቆያት። መጨረሻ ላይ በተሰባበረ አማርኛ፣ «አንቺ እናት፣ ይህች ልጅ እስከዛሬ እንዴት መንገድ ተሻገረች?» አለኝ። መነጽሩ የደረሰ ቀን ስንመለስ በሚኒባሱ መስኮት የሱቅ ስም ሁሉ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። ፈረንሳይኛውንም፣ የማትረዳውንም። ከፊታችን የተቀመጠች ሶማሌ ሴትዮ «አባዮ፣ እህቴ፣ ሬዲዮኑን ዝጊልን» አለችኝ። አልዘጋሁትም። መነጽር ያደረገች ሴት ማን ያገባታል ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ፤ ያን ቀን ሐሳቡ አልመጣልኝም።

የሃምሳ አለቃ ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። ሾፌር ወሬ ይዞ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ወሩ ሳያልቅ የንስሩ ወሬ ጋላፊ ደረሰ። ንስሩ ዕውር ነው፣ በቀዳዳ ነው የሚያታልለን ተባለ። ማታለል እንዳልሆነ ባስረዳም የሚሰማ የለም። የሚመጣው ሰው «ቀዳዳዋን ያውጧትና እንተኩስ» ይላቸው ጀመር። እሳቸው «ጠመንጃዬ እንዲህ ነው፤ ካልፈለግህ ተወው» ይላሉ። ተዉት። አንዳንድ ቀን ፊኛው በሙቀቱ ራሱ እስኪተነፍስ የሚተኩስ አይመጣም። ኋላ ሰሌዳውን አነሱት፤ በቀን የቆሙ መኪኖችን መጠበቅ ጀመሩ። ያም ቢሆን በየጠዋቱ መጥተው ድስቴን ይነኩ ነበር።

«አሁን ለምንዎ ነው ጥላሸቱ?» አልኳቸው አንድ ጠዋት።

«ጣቴ ለምዷል።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ገበያዎን በእኛ ምክንያት አጡ።»

«ፊኛ ድሮም አየር ነው» አሉ።

«ያን ሁሉ ሰው ባለበት ከሚናገሩት ለብቻዬ ቢነግሩኝስ ኖሮ?»

«ለብቻሽ ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

አላምናቸውም ነበር። ሽንኩርቱን ካላየሁ አላምናቸውም። እሳቸውም እንደማላምን ያውቁ ነበር። «ደግሞስ» አሉ፣ «ልጅቷ ቁጥሩን አነበበች። ካነበበች በኋላ ምን ይደረጋል?»

እኔም በተራዬ አልተውኳቸውም። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ያ የመናዊ ጋ ወሰድኳቸው። በመብራት አያቸውና መነጽር አይጠቅምም፣ የዓይን ሞራ ነው፣ ሆስፒታል ይነሳል አለ። ሃምሳ አለቃ ከወንበሩ ተነሱ።

«በምን ነው የሚነሳው?»

«በቀጭን ቢላ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። እስከ ሚኒባሱ ድረስ እየተከተልኩ ለመንኳቸው።

«ስንት ጦር ሜዳ ውለው ትንሽ ቢላ ይፈራሉ?»

«ጦር ሜዳ ላይ ዓይንህን ክፈት ብሎ ቢላ ያስገባብኝ የለም።»

«ፈሪ ነዎት ሃምሳ አለቃ!»

ሰው ፈሪ ያልኩት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው። እሳቸውም መንገድ ላይ ቆመው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ከአንቺ ነው የተማርኩት» አሉ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው አነሳባቸው ነበር፤ «ዘንድሮ ሳይሆን አይቀርም» ይላሉ፤ ዘንድሮ ያልፋል።

ማህሌት ትምህርቷን ጨረሰች። አሁን ከተማ ውስጥ አንድ የትራንዚት ቢሮ ትሠራለች። ደመወዝ እንዳገኘች በየበዓሉ ለሃምሳ አለቃ ሸሚዝ ትገዛላቸው ነበር፤ ቀለሙን ለማየት ጡጫቸውን ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ። «ሰማያዊ ነው፤ ግን ደስ አይልም» ይላሉ፤ ይለብሱታል።

አርጅተው መኪና መጠበቁም ሲያቅታቸው የእህታቸው ልጆች አገር ቤት ይምጡ አሉ። ጭኖ የሚወጣው ሸዋንግዛው ነበር። በዚያን ጊዜ እሱም ሽበት አውጥቷል። ጠመንጃው ዝጎ ስለነበር ለብረት ለቃሚ ሰጡት፤ ሮንዴላዋን በኪሳቸው ይዘው ይሂዱ፣ ትጥፋ፣ አላውቅም። ማህሌት ማታውኑ ተሰናብታቸው ነበር። ጠዋት ዳሴ መጡ፤ ድስቱን ነኩና ጣታቸውን አሳዩኝ። ሌላ የተነጋገርነው ብዙ ነገር የለም። ውሃ በብዛት ይጠጡ፣ መስኮት ከፍተው አይተኙ፣ ጋቢና ላይ ሲወጡ በዝግታ ይርገጡ አልኳቸው። እሺ፣ እሺ፣ እሺ አሉ።

መኪናው ሲነሳ እኔ እንደ ልማዴ ራቅ ብዬ፣ የአንድ ተሳቢ ጥላ ውስጥ ቆሜ እጄን አወዛወዝኩ። ከዚያ ርቀት እንደማያዩኝ ትዝ ያለኝ ካወዛወዝኩ በኋላ ነው። ልጣራ ብል ሞተሩ ይጮሃል። መኪናው አስፋልቱ ላይ ለመውጣት ዝግ ሲል ፊታቸውን በመስኮቱ አወጡ፤ ወዲያና ወዲህ ፈለጉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ያን ሁሉ ዓመት ሲያነጣጥሩ በፊታቸው ቆሜ አላውቅም። ያን ጠዋት ከጥላው ወጥቼ ፀሐዩ ላይ ቆምኩ፤ እጄንም አወረድኩ። ጡጫቸው ሜዳውን ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ መጥቶ እስኪቆም ድረስ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩላቸው።